ዓይነ ደረቅ

ሰማዩ ተቀዶ ሂርማታ ላይ ሲወርድ፣
ቆርቆሮው ሲጮህ፣ ባጃጁ ሲንሸራተት፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ሲገፋ፣
እኔ ሆስፒታል፣
ከዓይኔ ሥር ቀጭን ወረቀት ተሰክቶ
አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ።
አንዲት ጠብታ ጠፋ።

የመጣሁት'ኮ ስለሚያለቅስ ነው፤
መርፌ ስሰካ፣ ክሩ ሁለት ሲሆን፣
የሰው ቀሚስ ላይ ጠብ ሲል፣
ነፋስ በሩን ገፍቶ ሲገባ፣
ያለ ሐዘን፣ ያለ ሬሳ እንባ።
ሌሊት ደግሞ አሸዋ፤
የዓይኔ ቆብ እንደ ዛገ መዝጊያ
ሲከፈት ይፍቃል።

ልጅ እግሯ ሐኪም፣ ዶክተር ኦብሴ፣
ወረቀቱን ወደ መብራት አንስታ
«ዓይንዎ ደርቋል፣ እትዬ ጠጂቱ» አለች።
በሳቅ ልፈነዳ!
ሠላሳ ዓመት ሰው ሲለኝ የኖረውን
መንግሥት አስተምሯት፣ በመሣሪያ አይታ ነገረችኝ።

አማቴ ናት መጀመሪያ ያለችኝ፣
ሙሽራ ሆኜ ቀና ብዬ ባየኋት፦
«ዓይነ ደረቅ!»
ባሌ ሲሄድ የስፌት ማሽኔን አላካፍልም ብዬ
ቀበሌ በቆምኩ ጊዜ፣ ጸሐፊው፦
«ዓይነ ደረቅ!»
ዋጋ ስጠራ ስለማልሽኮረመም፣
ገበያው ሁሉ።
ያኔ ግን ዓይኔ ርጥብ ነበር፤
ማንም አልለካው።

«የወር አበባዎ መቼ ቆመ?» ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
እንደ ዘመድ ነው የሄደው፣ አልኳት፤
ይቀራል፣ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል፣
ኋላ አንድ ክረምት ጭራሹን ቀረ።
ለካ ባዶ እጁን አልወጣም፤
እንቅልፌን በአንድ እጁ፣
የዓይኔን ወዝ በሌላው ይዞ፣
ሌባ እንጂ እንግዳ አልነበረ።

የደረቀ ዓይን ያለቅሳል፣ አለችኝ፤
ቅባት ያነሰው ውሃ
ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ውስጥ አያድርም።

አምና የሽብሬ ለቅሶ ላይ፣
ከአፈር በላይ ከኔ ሌላ ማን ነበራት?
ደረቴ ተሰንጥቆ፣ ዓይኔ ግን ጠራራ፤
ድንኳኑ ሙሉ አየኝ።
«አይ ዓይነ ደረቅ» አለች አንዷ፣
ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።
እውነቷን ነው።
በሽታዬን ከሐኪም ቀድማ አወቀች።

አሁን ጡቶቼ መሃል ብልቃጥ አለ፤
በብር የተገዛ እንባ፣
በቀን አራት ጊዜ።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ስሙን በቅጡ በማላውቀው
በአንድ ሹፌር ለቅሶ፣
ከድንኳኑ ጀርባ አንጠባጥቤ ገባሁ።
በጉንጬ ሲወርድ ሴቶቹ
«ወይኔ ልቧ!» ብለው አቀፉኝ።
ሽብሬ፣ ይቅር በይኝ፤
ያንቺን ለሱ አለቀስኩት።

ትናንት ደግሞ መርየማ፣ ገና አርባ አምስት ያልሞላት፣
ዚፕ እየሰፋች ዓይኗን በመዳፏ ታሻለች።
«ጭስ ነው» አለች። ጭስ የለም።
«ነፋስ ነው።» መስኮቱ ዝግ ነው።
ብልቃጡን አልሰጠኋትም፣ ለየራስ ነው ተብሏል።
ወንበሬን ሳብ አድርጌ
«አሸዋ አሸዋ ይልሻል?» አልኳት።

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ።