ስታኞ

ኪዮጃ። ኅዳር ነው። ጉሙ ከቦዩ ላይ ተነስቶ
በጋራዡ በር ስር ይገባል፣ እንደ ድመት አንገቱን ደፍቶ።
ጨው ያልነካው የለም እዚህ፤ ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ሚስማሩ፤
የሰው ጉልበት እንኳ ይንቋቋል ሲነሳ ከወንበሩ።

ኦሬስቴ ቦስኮሎ ሸራውን ገለጠው፤ ቀይ ጉዚ ቆሟል፣
በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ብዙ ዓሣ፣ አንዴም ሙሽራ ተሸክሟል።
«ሲፈልግ ይነሳል» አለኝ፣ «ሲያኮርፍ ግን መላው ይጠፋል፤
ፍሬቻ ሳበራ ክላክሱ ይጮሃል፣
ፍሬን ስይዝ የፊት መብራቱ ዓይኑን ይጨፍናል።»

ሳቅኩ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤
ማሳ ነው የጠፋው።
መመለሻ ማሳ ያጣ ኮረንቲ እንደ ጠማማ በሬ ነው፣
ያገኘውን አጥር ጥሶ የሰው እርሻ ነው የሚገባው።

ኮርቻውን ነቀልኩ፣ ታንኩን አወረድኩ፣
የሽቦውን ጥቅል በቢላ ጫፍ ሰነጠቅኩ።
ላስቲኩ ከላይ ደህና ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልሆነ፤
ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ
ገና በጣቴ ስነካው በነነ።
ዝገት በደጅ አይገባም። ከጫፍ ነው፣ ከመጋጠሚያው፤
ከዚያ ወዲያ እንደ ሐሜት ውስጥ ለውስጥ ነው መሄጃው።

«ካቻቢቴ» አልኩ፣ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ፤
ለራሴ ነበር፣ በአማርኛ፣ የት እንዳለሁ ረስቼ።
መዳፌ ላይ አረፈ። እጀታው እንጨት፣ ላብ የጠጣ።
«ፒንሳ» አልኩ። ፒንሳ መጣ።
«ስታኞ።»
ስታኞ።
ዞሬ አየሁት። እሱም አየኝ።

ጣልያንኛዬ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዳቦ ይገዛል፣ ወረፋ ይጠይቃል፤
ከዚያ አልፎ ቢሄድ ይደናቀፋል።
እነዚህን ግን ጋሽ ዘርጋው ነው ያስተማረኝ፣ ኮምቦልቻ፤
ቡሎን ሲለኝ ዳዶ ካቀበልኩት፣ መልሱ ጥፊ ብቻ።
የጋራዥ አማርኛ ነው ብዬ ነበር፣ ከግሪስ የተወለደ፣
አባት የሌለው፣ እዚያው አድጎ እዚያው የለመደ።

«የት ተማርክ?» አለኝ። ነገርኩት።
የከተማዋን ስም እንደ ላላ ቡሎን ነካካው፣ ደጋግሞ፤
«አባቴ ይጠራው ነበር» አለ፣ «በውኑ አይደለም፤ ተኝቶ፣ ታሞ።»
ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩ፤
የመሞከሪያዋን አምፖል ባዶው መዳብ ላይ አሳረፍኩ።
አልበራችም።

ቆረጥኩ። አንድ ጣት። አሁንም አረንጓዴ።
ሁለት ጣት። አሁንም።
በአራተኛው ጤነኛው ብቅ አለ፣ ቀይ፣ እንደ ሕፃን ድድ።
«የዛገ ላይ ስታኞ አይዝም» ይል ነበር ጋሽ ዘርጋው፣
«ጢሱ ነው ትርፉ። መጀመሪያ ቁረጠው፤ ከዚያ ፋቀው።»
የማሳውን ቡሎን ፈታሁ፤ ሻንሲውን በብርጭቆ ወረቀት
ፋቅኩት፣ ቀለም እስኪያልቅ፣ እስኪቀር ነጭ ብረት።
ኦሬስቴ ባትሪውን ያበራልኛል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ጥላዬ ግድግዳው ላይ ከእጁ ጋር ይዋዥቃል።

ስታኞው ቀለጠ። ስሙን እንደሰማ ሰው ዘሎ
መዳቡ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱን ጫፍ አንድ አክሎ።
ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። የሱንም ዓይን አቃጠለው።
እንዲያ ነው እንግዲህ፤ ጢሱ ነው።

ቁልፉን አዞረ። የፊት መብራቱ ቆመ፣ ሳያርገበግብ፤
ክላክሱ ዝም አለ፤ ሰው ካልጠራው አይጮህም ከእንግዲህ።
የኋላው መብራት ግን እምቢ አለ። ለነገ።

«ይህን» አለኝ፣ ወደ ግራ የምትጠቅሰውን ብርቱካናማ እያሳየ፣
«በናንተ ምን ትሉታላችሁ?»
«ፍሬቻ» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፤ የሳቀም ይመስላል፣ አላየሁትም፤ ጉሙ ገብቶ ነበር።
በሩን ከፍተን ቆምን፣ ሁለታችንም ዝም።
ፍሬቻዋ ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፤
በዚያ በኩል መንገድ የለም። ቦዩ ነው፣ ውኃው፣
የታሰረች አንዲት ጀልባ።