ድኅረ ምረቃ

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
ክፍሌ አንድ አልጋ ታህላለች፤ ወረቀቱ ቀድሞኝ ገብቶ፣ እኔ በጭንቅ ስገባ።
ውርጩ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ሲቆነጥጠኝ፣
ባና ደርቤ ኬሚስትሪ አጠናለሁ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ።
የቆዳ ሙጫ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል?
አየሩ ምን ያህል ሲደርቅ ብራና ይኮማተራል?
እትዬ አልጣሽ፣ ያከራየችኝ፣ በሩን ተደግፋ ትስቃለች፦
«አሮጌ ለመጠበቅ ነው ይህ ሁሉ? እኔ አለሁ አይደል፣ እኔን ጠብቂ!» ትላለች።

ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፣ ሦስት ሳምንት ባዶውን ያደረ፦
«ለምን ይህን መስክ መረጡ?»
ብዕሬ እዚያ ሲደርስ እየነጠፈ ቀረ።
ሰኞ ከፈተናው ጋር ይመለሳል።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ሰላ ድንጋይ ወጣሁ፤
ከዚያ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ፣ በገብሱ ማሳ ዳር ዳሩን መጣሁ።
በከረጢቴ ጥጥ፣ የቀርከሃ ስንጥር፣ ማጉያ መስታወት።
የልጅነቴ ቂርቆስ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ቆሟል እንደተውሁት።

በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከስቅለቱ ግርጌ፣ አንድ ሰው አለ፣ አንድ ዓይና።
ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ኃጥእ በአንድ፤ ሕጉ ይኸው ነውና፣
ይሁዳ አልነው።
ልጆች ሳለን፣ ሰው ዞር ሲል፣ ተራ ገብተን
በሚስማር ጫርነው፤ ምራቅ ተፋንበት ተጠግተን።
እኔም ተፍቻለሁ።
ሁለት ጊዜ።

መምሬ ድንቅነህ ቁልፉን እያንቋቁ፣ «ለንግሡ እናድሰዋለን» አሉኝ፣
ሁለት ቆርቆሮ የዘይት ቀለም፣ የሚያብለጨልጨውን፣ አሳዩኝ።
«አንድ ጥግ ይፍቀዱልኝ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስኮት።»
ዝም አሉ።
ዝምታቸውን ፈቃድ አልሁት።

ጥጡን በስንጥሩ ጠቀለልሁ፤ እንደተማርሁት፣ በምላሴ አረጠብሁ።
«አንቺ!»
መቋሚያቸው ወለሉን ሲመታው ሰማሁ።
«ምራቅ? በሥዕል ላይ? እዚህ ቤት?»
«ከውኃ ይሻላል፣ አባቴ፤ ቀለሙን ሳይነካ ያነሣል ጥላሸት።»
ስለ ኢንዛይም ላወራ ነበር፤
ፊታቸውን ሳየው ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ጥጡ ጠቆረ። ሌላ ጥጥ። ጠቆረ። ሌላ።
የስንት ፋሲካ ጧፍ፣ የስንት ስእለት ጭስ ነው፣ ንብብር በንብብር የተሞላ።
ከአፍንጫው ማዶ ጠይም ጉንጭ ወጣ።
ከጉንጩ በላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ሽፋሽፍት።
ከዚያ ዓይን።
ሁለተኛው ዓይን።

መምሬ ጎንበስ አሉ፤ ማጉያውን ከእጄ ወሰዱ።
ከእግሩ ሥር ቀይ ፊደሎች አንድ በአንድ ወረዱ፦
«ተማኅፀነ ገብርከ...»
ስሙ ያለበት ቦታ ላይ የሚስማር ጉድጓድ ብቻ።
ደጋግመው አነበቡት፤ ስሙ ጋ ሲደርሱ ግን ማቆም ብቻ።
«ይሁዳ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሥዕሉን ያሣለው ሰው ነው። የእኛው ሰው።
ቀዳዳውንስ ትሞይዋለሽ?»
«አልሞላውም፣ አባቴ። የማላውቀውን ስም ከየት አመጣለሁ?
የቀረው እንዳይረግፍ ዳር ዳሩን እይዘዋለሁ።»
የማን ሚስማር እንደነበር አልጠየቁኝም።
አልነገርኋቸውም።

ልወጣ ስል ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙና
እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አሉ ግንባሬ ላይ፣ ረጋ ብለው እንደገና፦
«ያስተምርሽ። ምራቋን የዋጠች ሰው ያድርግሽ፤
ለሥዕሉ ሲሆን ግን አትዋጪው፣ ልጄ፣ ይቅርብሽ።»
ገና ሳልፈተን ተመረቅሁ።

የቀለሙ ቆርቆሮዎች ደጀ ሰላሙ ሥር ናቸው፣ እንደታሸጉ።
ኮሚቴው ነገ ይሰበሰባል፤ አላውቅም ምን እንደሚያደርጉ።
ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያቃስት ፎርሙን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፦
«ለምን ይህን መስክ መረጡ?»
«ተፍቼበት ስለነበር» ብዬ ጻፍሁ።
ሰረዝሁት።
ግንባሬ ገና አልደረቀም፤ አልጠረግሁትም።
መልሼ ጻፍሁት።