የተጣመመው ክንፍ

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከሰዓት አዳሹ ጎን፣
አንድ ሜትር ተኩል ነው ሱቄ፤
ዘፈን እጭናለሁ፣ በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣
ዋጋዬ እንደ ትውውቄ።
ባለ ባጃጅ ሁሉ ይመጣል፣
"አቦ፣ ምን አዲስ አለ?" ይላል፤
ከዚያ ድምፁን ይቀንሳል፤
"የደረቅ ወንዝ አልበም አንተ ጋ ነው አሉ።"
"የለም" እላለሁ።

አለ።
"አዲስ ፎልደር ሁለት" በሚል ስም ተኝቷል፤
አሥራ አንድ ዘፈን፣ ሦስት ዓመት ሞልቶታል።

ያልወጣ አልበም አባቱ ብዙ ነው።
ከዚራ፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰው ቤት፣
ኪሩብ "ቢቱ የኔ ነው" ብሎ ይምላል በእናቱ፤
ሻይ ከጋበዙት ደግሞ
ይጨምራል በአባቱ።
ሳቢያን ያለው ቶፊቅ፣ ኪቦርድ ከጅቡቲ ያስመጣው፣
"ማስተሩን ያወጣሁት እኔ!" ይላል፤
የቱን ማስተር ስትለው
ጫቱን ይሰበስባል፣ ይነሣል።
ሦስተኛው አዲስ አበባ ነው፤ ስልክም አያነሣ፣
ስሙን ብቻ አስቀምጧል፣
ታክሲ ወንበር ላይ ከረጢት ጥሎ እንደወረደ ሰው።

እኔ ግን ጆሮ አለኝ፤ የምበላው በጆሮዬ ነው።
አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ፣
ደረቅ ወንዝ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል፦
ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።
ከበሮ አይደለም።
ክንፉ የተጣመመ ፋን ነው፣ በዞረ ቁጥር ሽቦውን የሚነካ።
ኪሩብ ጋ ኤሲ ነው ያለው፤
ቶፊቅ ሲሞቀው መስኮት ነው የሚከፍተው።
ያን ፋን አውቀዋለሁ።

ገንደ ቆሬ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ኢፍቱ ቴሌቪዥን የምትጠግንበት ክፍል።
ስፒከሬን ላሠራ ሄጄ፣ ጣራው እሳት ሲተፋ፣
"ምነው ይሄን ፋን ብታስተካክዪው?" ብላት
"ቴምፖ ይጠብቅልኛል" አለችኝ፣ አንገቷን እንደደፋች።
የቀረውን በአንድ ሻይና በሁለት መብራት መጥፋት አወራች፦
ሌሊት ሌሊት፣ ብርድ ልብስ በር ላይ ሰቅለው፣
ሙፍታህ ጠረጴዛ ስር ቁጢጥ ብሎ እንደቀዳ፤
ያ የሚመታው ብረት የአባቷ መዶሻ እንደሆነ፣
የባቡር ጥገናው ሳይዘጋ
ለአክስቷ በካሴት በላከው ደብዳቤ ላይ፣
"እንደምን ሰነበትሽ" ካለው ኋላ የገባ።

ሙፍታህ፦ ስምሽ ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ አላወጣውም።
ኢፍቱ፦ ስሜ ከተጻፈ አይወጣም።
ለምን?
ለሱም አልነገረችው።
እኔም ስጠይቃት እርሳስ አቀለጠች፣
ጭሱን እፍ አለች።

ዲስኩ ሲበላሽባት "ዳታ አውጣልኝ" ብላ ሰጠችኝ።
አወጣሁ።
አንድ ለሷ፤ አንድ፣ ፈጣሪ ይየኝ፣ ለራሴ።
ሙፍታህ ዛሬ ተሳቢ ይነዳል፤
ከደወሌ ሲመለስ ሱቄ ይመጣል፣
ቆየት ያሉ የሶማሊ ዘፈኖች ያስጭናል።
የራሱን ጠይቆኝ አያውቅም፤
ማውሱን የያዘው እጄ ግን
በፎልደሩ ላይ ሲያልፍ ይልበዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ኪሩብ በሬዲዮ ቀረበ፤
"እያንዳንዷ ድምፅ" አለ፣ "ከነዚህ ጣቶች ነው የወጣች።"
ጋዜጠኛው አጨበጨበ።
በቃ፣ አልኩ። ማስረጃ አለኝ።
ሱቄን በቀትር ዘግቼ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣
የፋኑን ድምፅ ልቀዳ ገንደ ቆሬ ወረድኩ፤
ከዘፈኑ ጎን አስቀምጬ
ለከተማው ሁሉ ላሰማ ቆርጬ።

በሩ ክፍት ነው። ሙቀቱ ያው።
ፋኑ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ዝም።
ክንፉን አቃንታዋለች።

"መቼ ሠራሽው?"
"ይረብሸኝ ነበር" አለች።
አንድ የተፈታ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ እጇን እንደከተተች፣
"ስፒከርህ ደግሞ ምን ሆነ?"

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።
"ምንም" አልኳት፤ "በዚህ ሳልፍ ነው።"