ሁለት ጣት ክፍተት

ዊኒፔግ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት፣
አንድ መጋዘን አለ፣ የዘር መሸጫ የነበረ ቤት።
ስድስት ፎቅ፣ ቀይ ጡብ፤ ከጎኑ ላይ ጽሕፈት፣
ፀሐይ የላሰችው፣ በረዶ ያጠበው፤
«የገብስ፣ የአጃ ዘር» ይላል፣ ዓይኑን አጥብቦ ላነበበው።

እኔ ጣራው ላይ ነኝ፤ መስታወት ነው ሥራዬ።
በክሬን ይመጣል፣ ቁራጭ ሰማይ መስሎ፤
ተቀብዬ አሳርፈዋለሁ፣
እንደ ታመመ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።

ታች ኦሬስት አለ፣ ግንበኛው ሽማግሌ፤
በትንሽ መሮ፣ ከጡብና ጡብ መሐል፣
ሌላ ሰው ድሮ የለጠፈውን ሲሚንቶ
እንደ ጥርስ ሐኪም ይፍቃል፣ ይፍቃል።
ሲሚንቶ አይወድም።
«ሲሚንቶ ይጠብቃል» ይላል፤ «ጡቡ መተንፈሻ ሲያጣ፣
ብርዱ ሲመጣ፣
ፊቱ ይላጣል። ኖራ ግን ላላ ያለ ነው፤
ራሱ ይሰነጠቃል እንጂ ጡቡን አይሰነጥቀው።»

መስታወትም አይወድም።
በምሳ ሰዓት ዳቦውን እየገመሰ፣
አንገቱን ወደ እኔ አቅንቶ ይጮኻል፦
«መቶ ምናምን ዓመት ዘር የተሸከመ ትከሻ
በስተርጅናው ይሁን የዓሣ ገንዳ ማስቀመጫ?»

ማርጎ ላቫሌ መጣች፣ ቢጫ ሄልሜቷን ደፍታ፣
ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ንድፏን ዘርግታ።
መስታወቱና ጡቡ በሚገናኙበት
በእርሳስ አሰመረች ሁለት ጣት ክፍተት።
«አይነካኩም» አለች።
ኦሬስት ሳቀ። «የምን ጋብቻ ነው፣
ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን ቆመው
እጅ የማይያያዙት?»
«ጥር ላይ ከዜሮ በታች አርባ ይገባል፤
ጡቡ በራሱ ልክ ይኮማተራል፣
ብረቱም በራሱ። ሐምሌ ሲመጣ ሁሉም ይለጠጣል።
አጣብቀን ብናስራቸው፣ ማን ማንን ይሰብራል?»

ኦሬስት ዝም አለ።
የመሮውን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረ።
አዲስ ነገር አልነገረችውም፣
ኖራ ሲያቦካ አርባ ዓመት ለኖረ።

ለብረቱ ማለፊያ ግንቡን ሲፈለቅቅ
አንድ ጡብ አገኘ፤ የድመት መዳፍ ታትሞበታል፤
ገና ጭቃ ሳለ ረግጣው ያለፈች፣
የማንም ያልሆነች፣ ወይም የጡብ ሠሪው።
ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ማንም አልጠየቀው።

ቤቱ የሚሆነው የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው፤
በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣
ሰዎች ከማሽን ጋር የሚጠብቁበት።
ከነዚያ አንዷ ዳርካ ናት፣ የኦሬስት ሚስት።
ይህን የሰማሁት ከክሬኑ ሾፌር ነው፤
እሱማ የነገረኝ ስለ ዓሣ ገንዳው ብቻ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ሽቅብ ወጣ፣ ጉልበቱን እየረገመ፤
ከመስታወቱ ፊት ሄልሜቱን አውልቆ ቆመ።
ከውጭ ወንዙ፣ ሐዲዱ፣ የሚያዘግም የእህል ባቡር፤
ከላያቸው የራሱ ፊት፣ ኖራ የነካካው።
«ወንበሯ የት ይሆናል?» አለኝ። አሳየሁት።
ድመቷ የረገጠችውን ጡብ አወጣ፤
ከክፍተቱ ጠርዝ፣ ከወንበሩ ትይዩ፣
በላላ ኖራ ሰካው።

በኔ ቋንቋ አንድ ቃል አለ፣ ለኦሬስት መተርጎም ያቃተኝ፤
ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ፣ በጽሑፍ ግን አንድ መልክ።
ይህ ግንብ መቶ አሥራ ስምንት ክረምት ጠበቀ።
አጥብቄ አነበብኩት። አላልቼም አነበብኩት። ሁለቱም ልክ።

የክፍተቱ ጎማ ነገ ነው የሚገባው።
ዛሬ ጣቴን ሰደድኩበት፤
በጡቡ ወገን የሌሊቱ ብርድ፣ በመስታወቱ የቀኑ ሙቀት፣
መሐል ላይ ነፋስ፣ ቀጭን፣
ሁለቱንም ሳይነካ ሲያልፍ።