ድገመው

ፊልም ሠሪዎቹ ቁንዝላ ሲመጡ
በቢተው ዳጉሳ ላይ የብረት ማማ አወጡ፤
የጋዝ ጉድጓድ ነው አሉ፣ መሰርሰሪያው የውሸት፣
ጭሱ የጎማ ጭስ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ሽታ ያለበት።
ቢተው በፊልሙም ያው ባለመሬት ነው፤
ቃሉ አንዲት ናት፣ ያቺኑ አስጠኑት።

«አልፈርምም።»
«ድገመው፣ ጀልባ አለፈ።»
«አልፈርምም።»
«ድገመው፣ ዐይንህን ወደ ጣናው፤ ደመናው እስኪገፈፍ።»
«አልፈርምም።»
ዐሥራ አንድ ጊዜ ብሎ፣
ሦስት መቶ ብሩን ተቀብሎ
ቤቱ ገባ። ይታይሽ ወጥ ልጨምርልህ ብትለው
«አልፈርምም» አላት አሉ።

ባሕር ዳር አዳራሽ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤
ቢተው ከኋላ ወንበር፣ ባርኔጣው ጭኑ ላይ፣
የገዛ ፊቱን እንደ ባዳ ፊት አነበበ።

በጥቢ እውነተኞቹ መጡ። ካሜራ የላቸውም።
ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ አይቸኩሉም።
አንድ ወረቀት፣
አንድ የቀለም ሙዳይ።

ቢተው እንዳስተማሩት ወደ ጣናው አየ፣
አፉን ከፈተ፣
ቆየ።
ጀልባ አላለፈም። ደመና አልጋረደም።
«ድገመው» የሚለው ልጅ የለም።

አውራ ጣቱን ዛሬም በሐይቁ አሸዋ ያሻል፤
መንደሩ ግን ስሙን ረስቶታል፣
«አልፈርምም!» ብሎ
ይጠራዋል።