ስንት ቦታ ታርፊያለሽ?

ስንዱዬ፣ ትናንት አውቶቡስ ላይ የጠየቅሽኝ ነገር፣
ሹፌሩ እየጮኸ አልተመቸኝም ልናገር፤
አሁን ልጻፍልሽ፣ ጉልበቴም ይመስክር።

ሐኪሙ ያለኝን አንቺም ታውቂዋለሽ፦
«ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ክኒን ብቻ አያድንሽ፤
ተንቀሳቀሺ እንጂ፣ ሰውነትሽን አሠሪ!»
እኔን! ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ፣
ከባልዲ ጋር ዋዪ፣ ከባልዲ ጋር አዳሪ።
ሳቄ መጣ። ልጄ ሞራን ግን አልሳቀች፣
«አሠልጣኝ እንፈልግ» ብላ ክንዴን ይዛ ወጣች።

እዚሁ ሃዴራ፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣
ባለ ብረት ደረጃ ቤት አለ፤ ከመስኮቱ ሲታይ
የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ባሕር ዳር ተገትሯል፣
ውስጡ ግን ላብና ጎማ፣ ጎማና ላብ ይሸታል።

የመጀመሪያው ሮይ ነው፤ ክንዱ የደረሰ ዱባ፣
እኔ ስናገር ዓይኑ ሸሽቶ መስታወት ውስጥ ገባ።
«በሦስት ወር» አለኝ፣ «እኔን ትመስያለሽ!»
አንተን ልምሰል ያለህ ማነው?
ባሌስ ሌሊት መብራት ሲያበራ ምን ይበል?
«የዓመቱን ዛሬ ክፈዪ፣ ቅናሹ ማታ ያበቃል።»
ገበያ ላይ የሚያቻኩል ምን እንደሚሸጥ ማን ያጣዋል፤
ላዩ ቀይ ቲማቲም፣ ሥሩ ውኃ ሆኗል።

ሁለተኛው አርቲዮም። ግድግዳው ሙሉ ምስክር ወረቀት፣
የእውነት ናቸው፣ ሞራን አንድ በአንድ አንብባቸዋለች።
ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው፤
«ስምንት... ዘጠኝ...» ሲል
እኔ ስድስት ላይ ቆሜ ትንፋሽ እለምን ነበር።
ጉልበቴ ጮኸ። «ድክመት ሲወጣ ነው የሚያመው» አለኝ።
ድክመቱ ከወጣ ታዲያ
ስንወርድ ለምን የልጄን ትከሻ ተደገፍኩ?
ወረቀት አልንቅም፤ ያልተማረ እጅ አይንካሽ፣
ግን ወረቀት ጆሮ የለውም፣ አይሰማሽ።

ከዚያ ላሪሳ።
ስድሳን ያለፈች፣ መነጽሯ በክር የታሰረ።
የእሷ ዕብራይስጥ ወደ ሩሲያ፣ የእኔው ወደ ጎንደር ያዘነብላል፣
በመሃላችን ቋንቋው እንደ እኔ ጉልበት ያነክሳል።
ብረት አላሳየችኝም። ወንበር አመጣች።
«ስንተኛ ፎቅ ነው ቤትሽ?»
«አራተኛ። አሳንሰሩ ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ሞቷል።»
«ስትወጪ ስንት ቦታ ታርፊያለሽ?»

ስንዱ፣ ይህንን ባሌ አልጠየቀኝም። ሐኪሙም። ሞራንም።
«ሁለተኛው ላይ» አልኩ በቀስታ፣
«እነ ኦሐዮን በር ላይ፣ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ።»
ሞራን አንገቷን ደፋች።

ጫማዬን አውልቃ ገለበጠችው፣
የግራው ተረከዝ በአንድ ጎን አልቋል፤ እንደ ደብዳቤ አነበበችው።
«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»
መቅጠን ልል ነበር፣ እንደ ሰው ሁሉ፤
ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፦
«ስግድ ላይ፣ ኢየሩሳሌም፣ ከሕዝቡ ጋር ልንበርከክ፣
ከዚያ ማንም ክንዴን ሳይስብ ልነሳ።»

ስግድን አታውቀውም። የምታውቅ አልመሰለችም፣
ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዝም ብላ ሰማች።
ጉልበቴን በሁለት ጣት ዳሰሰችና
«ውስጡ ያለውን አላውቅም፤ በራጅ ይታይ፣
እስከዚያ ሳንቲም አልቀበልሽም» አለች።
«አላውቅም» የሚል አፍ፣ ስንዱዬ፣
ጡንቻውን ተይና እሱን ፈልጊ።

አራት ወር ሆነኝ። ስኳሬ ትንሽ ወርዷል፣ ሆዴ እንዳለ ነው።
የቀረሁባቸው ሳምንታትም አሉ፤ አልቆጣችኝም፣ ደወለች።
ወንበሩ ላይ ቁጭ ብድግ፣ መጀመሪያ ሦስት፣ አሁን አሥር፤
እሷ ስትቆጥር ቁጥሩ ከእኔ ጋር ነው የሚያድር።

ባለፈው ዓርብ ድንችና ዶሮ ተሸክሜ ስወጣ
እነ ኦሐዮን በር ላይ ሳልቆም አለፍኩ።
በሩ ከኋላዬ ሲጥጥ አለ። ወይዘሮ ኦሐዮን፣ በነጠላ ጫማ፦
«ምነው፣ ዛሬ ቁልፉ አልጠፋም?»

ሳቅን፣ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች።
ስግድ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።