ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ

ታይተስ ሬንክን እናት አልወለደው ከቶ፣
መጣ ወደ ሊጋችን ከቁጥር ተሠርቶ፤
ግራኝ ነው ይላል ፋይሉ፣ ክንደ ረጅም፤
የት አደገ? አይልም። ማን ዳረው? አይልም።
ትከሻ ሳይኖረው ትከሻው ተሰብሮ
ሰባተኛውን ዓመት አግዳሚ ላይ ታስሮ፣
በዘጠነኛው ግን መታ፣ መታ፣ መታ፤
ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ፣ ያለ አንዲት እልልታ።

ሜዳው የት ነው ብትል፣ ዱሉት ነው፣ ሐይቁ ዳር፣
የቨርኖን ላህቲ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ሥር፤
ያረጀ ኮምፒውተር፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣
የዓሣ መረብ፣ የቀለም ጣሳ፣ የተሰበረ በር፤
የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲያቃስት ያመሻል፣
ኖቬምበር ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል።

አሥራ ሁለት ነን እኛ፤
በልጅነታችን እንኳ ሮጠን ያላሸነፍን፤
የባቡር ሾፌር አለን፣ ጥርስ ነቃይ፣ ዳኛ፣
ጎርደን ፕርፒች ደግሞ ቧንቧ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ።
እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። በእርሳስ እጽፋለሁ፤
ቀለም እፈራለሁ።

ታላላቆች አሉን፣ ሐውልት ያላቆምንላቸው።
ኤመሪ ቶልክ አለ፣ ኳስ ወርዋሪው፣
አራት መቶ ሠላሳ ድል ያለው፤
በአርባ አራት ዓመቱ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣
ፕሮግራሙ አሰናበተው ባንዲት መስመር፣ በዝምታ፤
ዴልበርት ኦስካ ግን፣ የቡድኑ ጌታ፣
ክራቫት አስሮ መጣ፣ ጫማውን ቀብቶ፣
ተቀመጠ ከስክሪኑ ፊት ባርኔጣውን አንሥቶ።
ሌዊስ ዱፍሬን አለ፣ ባንድ ዓመት
መቶ ሃምሳ ሁለት ቤዝ የሰረቀ ሌባ፤
ጌታው ዳኛ ሆልምግሬን፣ ቀን ስንቱን እስር ቤት ሲያስገባ
ውሎ፣ ማታ እኛ ዘንድ “ስረቅ! ስረቅ!” ይላል።

ሬንክን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልደረሰው።
ከዚያ ኦሬሊዮ ካስክ፣ የፕርፒች ልጅ እንበለው፣
ሌላው ሁሉ ንቆት በርካሽ የገዛው፤
ሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ የመጨረሻው ቀን፣
ከሬንክ እኩል ሆኖ፣ አንድ ምት ሲቀረን፣
ውጭ በረዶ ይጥላል። ስምንተኛው ዙር ነው።
ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦
ካስክ፤ ወደ ቀኝ ሜዳ፤ ንጹሕ ምት።
ጮኽን! ላህቲ ጣሪያውን በጡጫ መታው፣
የፕርፒች ቢራ መዝገቤ ላይ ፈሰሰ፣
ዳኛው ጥርስ ነቃዩን አቅፎ ሳመው፣
መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው ዞሮ፣ ዞሮ፣ ቆመ።
ማርሌን ላህቲ ከላይ፦ “ሻማው መሳቢያው ውስጥ ነው።”

መብራቱ ሲመለስ ጨዋታው የለም።
ሕጉ፦ እንደ አዲስ ይጀመር። ጀመርነው።
አራት ጊዜ ቆመ ካስክ ዱላውን ይዞ፤
አራት ጊዜ ባዶ።

“አሥራ ሁለት ምስክር ካልበቃ ምን ይበቃል?” አለ ላህቲ።
እጅ አወጣን፤ አሥራ አንድ እጅ።
የቀረው የፕርፒች ነው፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣
እርጥብ ጢሙን በትከሻው ጠርጎ፣ ጥቂት አመንትቶ፦
“አርባ ዓመት ቧንቧ ጠገንኩ፤
ውሃ ምድር ቤት ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ፤
ቆጣሪ ያላነበበውን ግን ያስከፈለ አላየሁ።
ሬንክ ያን ምት ሲመታ ሁላችን ተኝተን፣
ላህቲም ሆስፒታል፣ ከማርሌን አልጋ አጠገብ ሳለ፣
ብቻውን ነው የመታው። ቁጥሩ ብቻ ቀረለት።
እኛ ስላየነው ብቻ የኔ ልጅ ይብለጠው?”

ድምፅ ሙሉ ካልሆነ ሕግ አይሻርም።
ኮቱን ለበሰ። ደረጃውን ወጣ።
ቆይቶ በረዶ ሲዝቅ የአካፋው ድምፅ መጣ።

ቢራ የጠጣው ገጽ ደርቋል፣ ተጨማዷል።
ሬንክ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ።
ካስክ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ።
ከካስክ ቁጥር ጎን ግን አንዲት ነጥብ አለች፣
ከሰናፍጭ ያነሰች።
ፕርፒች መዝገቡን ሲገልጥ ያያታል፤
ምንድን ናት? አይለኝም።
ሌላ ሰው ከጠየቀኝ
እርሳሴ አምልጦኝ ነው እላለሁ።